የፕላቲኒየም ቀለበት አያያዝ በጎንደር፦ ከመለየት እስከ ብየዳ

የፕላቲኒየም ጌጥ ወደ ጎንደር ቤቶች የሚገባው በአብዛኛው ከውጭ አገር በመጣ ዘመድ እጅ ነው፤ የቃል ኪዳን ቀለበት ሆኖ፣ ለእናት የተላከ ሐብል ሆኖ፣ ወይም ከሌላ ዕቃ ጋር የተወረሰ ሆኖ። በመልኩ ከብርና ከነጭ ወርቅ ስለማይለይ ባለቤቱ እንደ ብር በአመድና በሎሚ ያሸዋል፣ ወርቅ ሠሪው ደግሞ እንደ ወርቅ በከሰል ላይ ያግለዋል። ከዚያ ፈርጡ ይወድቃል፣ ወይም ቀለበቱ ከወራት በኋላ በተበየደበት በኩል ይሰነጠቃል። ፕላቲኒየም ግን በመደረጉ የሚጎዳ ብረት አይደለም፤ ላብም ሆነ አየር ወይም ሳሙና አያጠቁረውም። የሚጎዳው ምንነቱን ሳያውቁ ለማብረቅረቅ ወይም ለመጠገን በሚቸኩሉ እጆች ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ይከተሉ፤ የመጀመሪያውን ሳይጨርሱ ቀለበቱን ወደ ውሃም ወደ እሳትም አይውሰዱ።

ደረጃ 1፦ በእጅዎ ያለው ምን እንደሆነ ይለዩ

1.1 ማኅተሙን ያንብቡ

ቀለበቱን ከጣትዎ ያውልቁና የውስጥ ገጹን በቀን ብርሃን፣ በማጉያ መነጽር ወይም በስልክዎ ካሜራ አጉልተው ይመልከቱ። በሐብልና በአምባር ላይ ማኅተሙን በመቆለፊያው አጠገብ፣ በጉትቻ ላይ ደግሞ በጀርባው ወይም ጆሮ ውስጥ በሚገባው ዘንግ ላይ ይፈልጉ።

950 የሚል ቁጥር ከላቲኖቹ ፊደላት ፒ እና ቲ ጋር፣ ወይም «ፕላት» ከሚል ጽሑፍ ጋር ከተቀረጸ፣ ከሺህ እጅ 950ው ፕላቲኒየም ነው። 900 እና 850 የሚሉም አሉ። በቆየ የአሜሪካ ሥራ ላይ አሥር በመቶ ኢሪዲየም የተባለ ጠንካራ ብረት የተቀላቀለበት መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ይገኛል። 925 ብር ነው። 750 ባለ 18 ካራት፣ 585 ደግሞ ባለ 14 ካራት ወርቅ ነው፤ መልኩ ምንም ያህል ነጭ ቢሆን ወርቅ ነው። 950 ያለ ምንም ፊደል ብቻውን ከቆመ ግን አይመኑት፤ ፓላዲየም የተባለው ሌላ ነጭ ብረትም፣ ብርም በዚሁ ቁጥር ይታተማሉና።

1.2 የተነገረዎትን ዕድሜ ይመዝኑ

ስለ ቀለበቱ የተነገረዎት ታሪክ ራሱ ሊረዳዎት ወይም ሊያሳስትዎት ይችላል። ፕላቲኒየም የሚቀልጠው በ1768 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ወርቅ በ1064፣ ብር በ962 ይቀልጣሉ። በዛሬዎቹ ኢኳዶርና ኮሎምቢያ ጠረፍ የነበሩ የጥንት አንጥረኞች እንኳ የፕላቲኒየሙን ቅንጣት ከወርቅ ጋር እያጋሉና እየቀጠቀጡ ያያይዙት ነበር እንጂ አላቀለጡትም። በአውሮፓ በብዛት ማቅለጥ የተቻለው በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. በኦክስጅንና በሃይድሮጅን ነበልባል ሲሆን፣ በጌጥ ቤቶች የተለመደው ደግሞ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ነው። ስለዚህ «በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራ ፕላቲኒየም» ተብሎ የሚቀርብልዎትን ነጭ ቀለበት ብር ነው ከሚል ግምት ተነሥተው ይመርምሩ።

አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ፕላቲኒየምን ለጦር ሥራ ስለከለለች በእነዚያ ዓመታት እዚያ የተሠራ ነጭ ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ወርቅ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ፊቱ ፕላቲኒየም ጀርባው ወርቅ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ለጥገና ሲሰጡ አስቀድመው ይናገሩ። እንግሊዝ ለፕላቲኒየም ሕጋዊ ማኅተም ማድረግ የጀመረችው በ1975 እ.ኤ.አ. ነውና ከዚያ የቀደመ የእንግሊዝ ቀለበት ሕጋዊ ማኅተም ስለሌለው ብቻ ሐሰተኛ አይባልም።

አንዳንድ ሰው «የዩብዶ ፕላቲኒየም ነው» ይላል። በምዕራብ ወለጋ ዩብዶ ላይ ማዕድኑ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቅንጣቱ በተፈጥሮው ከተራው፣ ከሚዝገው ብረት ጋር የተዋሐደ ስለሆነ ሳይጣራ ለጌጥ አይውልም። ይህ ቃል ማኅተምን አይተካም፣ የሚቀጥለውን ሙከራም አያስቀርም።

1.3 በውሃ ይመዝኑ

ይህ ከቤት ሙከራዎች ሁሉ የሚታመነው ነው። የሚሠራው ግን ፈርጥ ለሌለውና ውስጡ ክፍት ላልሆነ ቀለበት ብቻ ነው። የግራም መቶኛን (0.01) የሚያሳይ ሚዛን ያስፈልግዎታል፤ እንዲህ ያለው ሚዛን ወርቅ ቤቶች ዘንድ ስላለ ፒያሳ ከሚያውቁት ቤት ገብተው እዚያው ፊት ለፊትዎ እንዲመዘን መጠየቅ ይችላሉ።

ሀ. ቀለበቱን በሳሙና አጥበው ያድርቁና ይመዝኑት። ቁጥሩን ይጻፉ።

ለ. ግማሽ ድረስ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ውሃው ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩ፤ ቀለበቱ ላይ የአየር አረፋ እንዳይጣበቅ ይረዳል። ሳሙናውን ከጨመሩ በኋላ ሚዛኑን እንደገና ዜሮ ያድርጉ።

ሐ. ቀለበቱን በቀጭን ክር አሥረው ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ እስኪሰጥም ያንጠልጥሉት። የብርጭቆውን ታችም ሆነ ጎን መንካት የለበትም። ክሩን የያዘው እጅዎ እንዳይንቀጠቀጥ ክርንዎን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉ።

መ. ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር ይጻፉ፤ ከዚያም የመጀመሪያውን ክብደት ለዚህ ቁጥር ያካፍሉ።

ለምሳሌ በአየር 8.20 ግራም የመዘነ ቀለበት ውሃ ውስጥ ሲንጠለጠል ሚዛኑ 0.40 ካሳየ ውጤቱ 20.5 ነው፤ ይህ የፕላቲኒየም ቁጥር ነው። ያው 8.20 ግራም 0.53 ካሳየ 15.5 ገደማ ይሆናል፤ ይህም ባለ 18 ካራት ነጭ ወርቅን ያመለክታል። 0.79 ካሳየ 10.4 ገደማ ነው፤ ብር ነው ማለት ነው። ወደ 8 የሚጠጋ ውጤት የማይዝግ ብረት፣ 12 አካባቢ ደግሞ ፓላዲየም ሊሆን ይችላል። በ950 ደረጃ ያለ ፕላቲኒየም እንደ ተቀላቀለበት ብረት ከ20 እስከ 21.4 ድረስ ይሄዳል።

ቁጥሩ ካልተረጋጋ ክሩ እየተወዛወዘ ነው፤ ጠብቀው እንደገና ያንብቡ። ውጤቱ ካሰቡት በጣም ካነሰ ቀለበቱ ላይ አረፋ መኖሩን ይመልከቱ፤ አንዲት አረፋ ውሃ ውስጥ የሚታየውን ቁጥር ከፍ ስለምታደርግ እውነተኛውን ፕላቲኒየም ነጭ ወርቅ ልታስመስለው ትችላለች። በጣም ከፍ ያለ፣ ለምሳሌ 40 ወይም 50 የሆነ ውጤት ካገኙ ደግሞ ቀለበቱ ሙሉ በሙሉ አልሰጠመም። ውጤቱ 15 አካባቢ ሆኖ 750 የሚል ማኅተም ከሌለው ታንግስተን ካርባይድ የሚባል ከባድ ግራጫ ቁስ ሊሆን ስለሚችል ነጭ ወርቅ ነው ብለው አይግዙት።

1.4 የማያስተማምኑ ሙከራዎችን ይተዉ

ማግኔት ይህን ጥያቄ አይፈታም። ኮባልት የተቀላቀለበት ፕላቲኒየም በማግኔት በጥቂቱ ይሳባል፤ ብርና ነጭ ወርቅ ደግሞ ባለመሳባቸው ፕላቲኒየም ይመስላሉ። በአሲድ መፈተን የሚያስፈልግ ከሆነ ሥራው የባለሙያ ነው፤ እርሱም ከቀለበቱ የውስጥ ገጽ ጥቂት በመፈተኛ ድንጋይ ላይ ጭሮ አሲዱን ድንጋዩ ላይ ያንጠባጥባል እንጂ ቀለበቱ ላይ አያፈስም። በናይትሪክ አሲድ ብቻ አለመጥፋቱም ፕላቲኒየም አያሰኘውም፤ ባለ 18 ካራት ነጭ ወርቅም አይጠፋምና።

ደረጃ 2፦ ዕቃዎችዎን ያሰናዱ

የሚያስፈልግዎት ጥቂት ነው፦ ሁለት ሳህን፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ላርጎ የምንለው ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ፣ ጭረት የማያወጣ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅና ጥቂት ጥሬ ጥጥ። ብሩሹ አዲስ ይሁን፤ ጥርስ ያጸዱበት ብሩሽ የሳሙናው ዱቄት ስለሚቀርበት ይጭራል።

አመድን፣ የጥርስ ሳሙናን፣ ቤኪንግ ፓውደርንና የብረት ድስት መፈተጊያን ከአጠገብዎ ያርቁ። ብር ሲያጸዱ አመድ የሚሠራ የሚመስለው የጠቆረውን ሽፋን ፈትጎ ስለሚያነሣ ነው፤ ፕላቲኒየም ደግሞ የሚነሣ ጥቁር ሽፋን ስለሌለው አመዱ የሚፈትገው ራሱን ብረቱን ነው። በረኪና ፕላቲኒየሙን ባይበላውም የወርቅ መቆለፊያን፣ ብየዳንና ፈርጥን ይጎዳል። ከሁሉ በላይ በረኪናን ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል፣ በተዘጋ ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ሊገድል ይችላል።

ደረጃ 3፦ ከውሃ በፊት ፈርጡን ይፈትሹ

ብዙ ሰው ፈርጥ የሚያጣው ሲያጥብ ነው፤ ላልቶ የነበረውን ፈርጥ በቦታው ያቆየው ቆሻሻው ራሱ ሊሆን ስለሚችል እርሱ ሲለቅ ፈርጡም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቀለበቱን ወደ ጆሮዎ አስጠግተው በጥፍርዎ ቀስ አድርገው ይምቱት፤ የሚንኳኳ ድምፅ ከሰሙ ፈርጡ ላልቷል። ቀጥሎ ከጥሬ ጥጡ ጥቂት ነጨት አድርገው ፈርጡን የያዙትን ጥፍሮች በላያቸው ቀስ ብለው ይዳብሱ። ጥጡ ሳይያዝ ካለፈ ጥፍሮቹ በቦታቸው ተኝተዋል፤ ነጭ የጥጥ ክር ከአንዱ ጥፍር ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ያ ጥፍር ተነሥቷል። በዚህ ጊዜ ማጠቡን ያቁሙ፣ ቀለበቱን በትንሽ ዕቃ ከድነው ያስቀምጡና ወደ ደረጃ 6 ይለፉ። በቤትዎ መቆንጠጫ ጥፍሩን ለመጫን አይሞክሩ፤ ፈርጡ ከጥግ ይሸረፋል።

ፈርጡ ምን እንደሆነም ይወቁ። አልማዝና ሰንፔር ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ይችላሉ። ሉል፣ መረግድና ኦፓል ግን ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፉም፤ መረግድ ስንጥቆቹ አብዛኛውን ጊዜ በዘይት የተሞሉ ስለሆነ፣ ሉል ደግሞ ገጹ ስለሚደበዝዝ ነው።

ለእኛ አገር አንባቢ ከሁሉ የሚያሳስበው የወሎ ኦፓል ነው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ በስፋት የታወቀው የወገል ጤና ኦፓል ውሃ ይመጥጣል፤ ከውሃው ጋር ሳሙና፣ ቅባትና የቅመም ቀለም ከገባበት ቢጫነቱ ላይለቅ ይችላል። ኦፓል ያለበትን ቀለበት ባልራሰ ለስላሳ ጨርቅ ፈርጡን፣ በጣም በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ደግሞ ብረቱን ብቻ ይጥረጉ። ደረጃ 4ን ይዝለሉት።

ደረጃ 4፦ ማጠብ

1. የመታጠቢያውን ቀዳዳ ይድፈኑ፤ ከተቻለ ደግሞ ከመታጠቢያው ርቀው ጠረጴዛ ላይ፣ ከሥር ፎጣ አንጥፈው ይሥሩ። ውሃ በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚታጠብበትንም የሚለቀለቅበትንም ውሃ አስቀድመው ቀድተው ያስቀምጡ፤ ሳሙናው ሳይለቀለቅ ከደረቀ ፈርጡ ሥር ጉም የመሰለ ሽፋን ይተዋል።

2. በአንደኛው ሳህን ለብ ያለ ውሃ ያድርጉና ጥቂት ላርጎ ይበጥብጡበት። ውሃው ለእጅዎ የሚመች ሙቀት ይኑረው። የፈላ ውሃ አይጠቀሙ፤ ድንገተኛ ሙቀት ፈርጥ ይሰነጥቃል።

3. ቀለበቱን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። በእኛ ቤት ቀለበት ላይ የሚከማቸው ሊጥ፣ የወጥ ቅባትና ፀጉር ሲቀባ የሚገባ ቅቤ ነው። ቅቤው በቀዝቃዛ ውሃ ስለሚረጋ ውሃው ከቀዘቀዘብዎ በአዲስ ለብ ያለ ውሃ ይቀይሩት። የደረቀ ሊጥ ካለበት ጊዜውን ያርዝሙ እንጂ በመርፌ አይቆፍሩ።

4. መጀመሪያ በፈርጡ ጀርባ፣ ማለትም በቀለበቱ የውስጥ በኩል፣ ብሩሹን እያዞሩ ያሹ፤ ፈርጥ የሚያደበዝዘው ቆሻሻ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከዚያ በጥፍሮቹ መካከል፣ በመጨረሻ የላይኛውን ገጽ ያሹ። የብሩሹን ጫፍ ብቻ ይጠቀሙ፤ ፀጉሩ እስኪተኛ አይጫኑ።

5. በሁለተኛው ሳህን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያለቅልቁ። የመጀመሪያውን ሳህን ውሃ ገና አይድፉት።

6. ፈርጦቹን ይቁጠሩ። ሁሉም በቦታቸው መኖራቸውን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ውሃውን ይድፉ፤ ያኔም በነጭ ጨርቅ አጥልለው ይሁን።

7. በጥጥ ጨርቁ እየነኩ ያድርቁና ለአንድ ሰዓት ያህል በጥላ ቦታ ጨርቅ ላይ ይተዉት።

ከዚህ በኋላ ፈርጡ አሁንም ደብዛዛ ከሆነ ከ3 እስከ 5 ያሉትን ይድገሙ፤ ማጽጃ አይቀይሩ። የእንሶስላ ወይም የሂና ቀለም ቀለበቱ ላይ ቢታይዎት ይህ ብረቱ ውስጥ የገባ ሳይሆን በጭረቶቹ ውስጥ የቀረ ነው፤ በተደጋጋሚ እጥበት ይለቃል። በወር አንድ ጊዜ እንዲህ ማጠብ ለዘወትር ቀለበት ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ስለ ጭረት ውሳኔ ያድርጉ

ፕላቲኒየም ይጫራል፤ ከሸጠልዎ ሰው የሰሙት ቃል ሌላ ቢሆንም እውነታው ይህ ነው። ነገር ግን ሲጫር ብረቱ ከቦታው ወደ ጎን ይገፋል እንጂ እንደ ወርቅ በቀላሉ እየተፈገፈገ አያልቅም። ለዚህ ነው ለዓመታት የተደረገ ቀለበት ከክብደቱ ብዙ ሳይቀንስ ገጹ ግራጫና ልስልስ የሚለው። በእኔ አስተያየት ይህን መልክ መተው ከሁሉ የተሻለ ነው፤ በየሠርጉና በየበዓሉ ዋዜማ በማሽን የሚወለወል ቀለበት ግን በእያንዳንዱ ውልወላ ብረት ያጣል፣ የፈርጡ ጥፍሮችም ይሳሳሉ፣ ማኅተሙም ይጠፋል።

ብርሃኑ እንዲመለስ ከፈለጉ የሚከተለውን ይጠይቁ፦ በመጀመሪያ ገጹ በለሰለሰ የብረት መዳሰሻ ተጭኖ ይታሽ፤ ይህ የተገፋውን ብረት ወደ ቦታው ይመልሳል። ማሽን ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ይሁን። ለወርቅ የሚያገለግለው ቀይ የመወልወያ ቅባት ፕላቲኒየምን አያበራም፤ ሠራተኛው በዚያ ቅባት እያሸ ብርሃን ካልመጣለት ጉልበት እንዲጨምር አያበረታቱት፤ ሥራውን እንዲያቆም ይጠይቁት።

ነጭ ወርቅ ላይ የሚደረገው የሮዲየም፣ ማለትም የሚያብረቀርቅ ነጭ ብረት፣ ቅብ ለፕላቲኒየም አያስፈልግም። «ነጭ እናድርግልዎ» ቢባሉ እንቢ ይበሉ።

ደረጃ 6፦ ለማስጠገን ወይም ለማስፋት ሲሰጡ

6.1 ችግሩ የት እንደሆነ ይረዱ

ጎንደር ከብርና ከወርቅ ጋር የኖረ እጅ አላት፤ እዚህ ያለው ጥያቄ የእጅ ሳይሆን የእሳት ነው። ከሰል ላይ አስቀምጦ በጋዝ ነበልባል ማጋል ለወርቅ ተገቢ ነው። ፕላቲኒየም ግን በከፍተኛ ሙቀት ከከሰል ካርቦን፣ ከመደበኛ ሸክላ ሲሊኮን፣ ከጠረጴዛ ላይ ብናኝ ደግሞ እርሳስና ዚንክ ይወስዳል፤ የወሰደው ሁሉ ይሰባብረዋል። ስንጥቁ በዕለቱ ላይታይ ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ በበር እጀታ ላይ ቢመታ ይከፈታል።

ለፕላቲኒየም የሚውለው መበየጃ እንደ ዓይነቱ ከ1000 ዲግሪ በላይ እስከ 1700 ድረስ ይፈልጋል። የሚበየደው ኦክስጅን በሚበዛበት ንጹሕ ነበልባል ወይም በሌዘር፣ ከሰል ባልሆነ፣ ከፍተኛ ሙቀት በሚችል ሴራሚክ ላይ ነው። የጋለው ብረት ብርሃን ዓይንን ስለሚጎዳ ሠራተኛው የብየዳ ጥቁር መነጽር ያደርጋል። ይህ ለእርስዎ ጥሩ ምልክት ነው፤ ጥቁር መነጽር በአጠገቡ የሌለው ሰው ፕላቲኒየምን በፕላቲኒየም መበየድ አልለመደም።

6.2 እነዚህን ይጠይቁ

ከመስጠትዎ በፊት በአክብሮትና በግልጽ ይናገሩ፦ «ጋሼ፣ ይህ ፕላቲኒየም ነው፤ ነጭ ወርቅ አይደለም። በምን መበየጃ ይበይዱታል? የሚያርፈው ከሰል ላይ ነው? ለፕላቲኒየም ብቻ የተለየ ሞረድ አለዎት?» ወርቅና ብር የሞረደ ሞረድ ብናኙን ቀለበቱ ላይ ይተዋል፤ ብናኙ በእሳቱ ጊዜ ይሰርጋል። «በነጭ ወርቅ መበየጃ እንሠራዋለን» የሚል መልስ ሐቀኛ መልስ ነው፤ ይሁን እንጂ ብየዳው ከቀለበቱ ደካማ እንደሚሆንና መስመሩ ውሎ አድሮ ወደ ቢጫ እንደሚያደላ አውቀው ይወስኑ። ለሰንሰለት ትንሽ ዓይን ልንቀበለው እንችላለን፤ ፈርጥ ለያዘ የቀለበት ትከሻ ግን አልመክርም። መልሱ ካላረካዎት ቀለበቱን ሳይነኩ ያቆዩትና ለፕላቲኒየም የተዘጋጀ የጌጥ መሥሪያ ቤት ወዳለበት ከተማ፣ ወይም በተሠራበት አገር ላለ ዘመድ፣ በታመነ እጅ ይላኩት።

ዙሪያውን በሙሉ ፈርጥ ያለበት ቀለበት አይሰፋም፣ አይጠብም፤ ልኩን በሚመጥን ሌላ ጣት ማድረግ ወይም በሐብል ማንጠልጠል ይሻላል።

6.3 ሲሰጡና ሲቀበሉ

ሲሰጡ ቀለበቱን በፊትዎ ያስመዝኑ፤ ክብደቱን እስከ ግራም መቶኛ፣ የፈርጦቹን ብዛትና ማኅተሙን ደረሰኝ ላይ ያጽፉ። ማኅተሙንና እያንዳንዱን ፈርጥ በቅርብ ፎቶ ያንሡ። እሳት የሚነካው ከሆነ ፈርጡ እንዲወጣ ይጠይቁ፤ አልማዝ እንኳ በአየር ውስጥ እስከ 800 ዲግሪ አካባቢ ከጋለ ገጹ ይቃጠላል።

ሲቀበሉ እንደገና ያስመዝኑ። የሰፋ ቀለበት ብረት ስለተጨመረበት መክበድ አለበት፣ የጠበበ ደግሞ የተቆረጠውን ያህል ይቀላል፤ የተቆረጠችውንም ቁራጭ ይረከቡ፣ የእርስዎ ናት። የብየዳውን መስመር በቀን ብርሃን ይመልከቱ፦ ቢጫ መስመር ወርቅ መበየጃ ነው፤ የመርፌ ቀዳዳ የመሰሉ ነጠብጣቦች ያልተዋጣ ብየዳ ናቸው፤ ጥቁር ጥላ ካርቦን ሊሆን ይችላል። የጥጡን ሙከራ በጥፍሮቹ ላይ ይድገሙ። ማኅተሙ ተወልውሎ ከጠፋ እዚያው ቆመው ይናገሩ፤ ቤትዎ ገብተው ከተመለሱ በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው።

ደረጃ 7፦ ማስቀመጥና ማውለቅ

ፕላቲኒየምን ከወርቅና ከብር ጋር በአንድ ከረጢት አያድርጉ፤ ፕላቲኒየሙ ወርቁን፣ አልማዙ ደግሞ ሁሉንም ይጭራል። እያንዳንዱን በተለየ ጨርቅ ይጠቅልሉ።

ሊጥ ሲያቦኩ፣ በበረኪና ሲያጥቡና ከባድ ዕቃ ሲያነሡ ያውልቁት። ያወለቁትን የሚያስቀምጡበት አንድ የማይለወጥ ቦታ ይኑርዎ፤ የመታጠቢያ ጠርዝ፣ የልብስ ኪስና የሶፋ ክንድ ቦታ አይባሉም።

የጥምቀት ዕለት ቀለበቱን ቤት ይተዉት። ጥር 11 ማለዳ ብርድ ነው፤ ጣት በብርድ ይሸበሸባል፣ በፋሲለደስ መዋኛ ውሃ ሲነካው ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ከባድ የሆነው የፕላቲኒየም ቀለበት ከእንዲህ ያለ ጣት ላይ ሲንሸራተት አያስታውቅም፣ ውሃ ውስጥ ከገባም ወዲያው ይሰጥማል። በግፊያ መካከል ጎንብሶ መፈለግ ደግሞ ቀለበት ከመጥፋቱ የበለጠ አደጋ አለው።

ችግር ሲፈጠር

ቀለበቱ ከጣት አልወጣ ሲል። እጅዎን ከልብዎ በላይ ከፍ አድርገው ለጥቂት ደቂቃ ይያዙ፣ ጣትዎን በቀዝቃዛ ውሃ ያቀዝቅዙ፣ ከዚያም ሳሙና ወይም ቅባት ቀብተው እያዞሩ ያውጡ። ካልሆነ ቀጭን ክር በቀለበቱ ሥር ያሳልፉ፣ ከቀለበቱ በላይ ያለውን ጣት እስከ መገጣጠሚያው አልፈው በጥብቅ ይጠምጥሙ፣ ከሥር የቀረውን የክር ጫፍ ይዘው ወደ ጣቱ ጫፍ እያዞሩ ይፍቱ፤ ቀለበቱ ከሚፈታው ክር ጋር ይወጣል። የጣቱ ጫፍ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ጣቱ ተጎድቶ ካበጠ ክሩን ትተው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ቀለበቱ ፕላቲኒየም መሆኑንም ይንገሯቸው፤ ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ መቁረጡ ጊዜ ይወስዳል፣ መጋዙም ስለሚግል ጣቱ በውሃ እየቀዘቀዘ መቆረጥ አለበት።

የወሎ ኦፓል ውሃ ገብቶበት ቀለሙ ሲጠፋና እንደ መስተዋት ሲያሳልፍ። አይደንግጡ፣ ፀሐይ ላይም አያስጡት፣ በፀጉር ማድረቂያም አይንኩት፤ በፍጥነት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልለው በቤት ውስጥ በጥላ ያስቀምጡት። ቀለሙ ከቀናት እስከ ሳምንታት ባለ ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ይመለሳል።

ቀለበቱ መታጠቢያ ቀዳዳ ውስጥ ሲወድቅ። ቧንቧውን ወዲያው ይዝጉ፣ ምንም ውሃ አይልቀቁ። ከባድ ስለሆነ ከመታጠቢያው ሥር ባለው የቧንቧ እጥፋት ላይ መቀመጡ አይቀርም። ከሥር ባልዲ አስቀምጠው እጥፋቱን በእጅዎ ይፍቱና ውሃውን በጨርቅ ያጥልሉ።

ነጩ ቀለበት ቢጫ ሲል። ይህ ፕላቲኒየም አይደለም፤ የሮዲየም ቅቡ ያለቀ ነጭ ወርቅ ነው። ዳግመኛ ሊቀባ ይችላል። ቢጫው በአንድ ቀጭን መስመር ብቻ ከሆነ ግን በወርቅ መበየጃ የተጠገነ ፕላቲኒየም ነው፤ ከመጠንከሩ እርግጠኛ ለመሆን መስመሩን በማጉያ ይመርምሩ።

ጣት ሲያሳክክና ሲቀላ። በመጀመሪያ በቀለበቱ ሥር የቀረ ሳሙናና እርጥበት ሊሆን ይችላልና አጥበው፣ ጣትዎንም አድርቀው ለጥቂት ቀናት ሳያደርጉት ይቆዩ። መልሰው ሲያደርጉት ካገረሸ ወደ 1.3 ይመለሱና ይመዝኑት፤ ንጹሕ ፕላቲኒየም ቆዳ የሚያስቆጣው ከስንት አንዴ ሲሆን፣ ብዙ ነጭ ወርቅ ግን ቆዳ የሚያስቆጣ ኒኬል አለበት።